የሁለት ሰዓት በረራ

«ይብላኝ ለሱ! ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ፣ ለአባቱ ቀብር እንኳ ሳይደርስ!» አሉ የልብስ ሰፊዋ አክስት፣ የልጅቱን ወንድም ጉልበት እየዳበሱ።

ልብስ ሰፊዋ የያዘችውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ ጣል ስታደርገው የሻይ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ።

«ሁለት ሰዓት ነው» አለች።

«ምኑ ልጄ?»

«በረራው! እሱ ካለበት ከተማ እዚህ ድረስ ሁለት ሰዓት። እኔ ከሱቄ ሆስፒታል በታክሲ ለመድረስ ከዚያ በላይ የፈጀብኝ ቀን አለ።»

ለቀስተኞቹ ከትሪው ብርጭቆ ብርጭቆአቸውን አነሱ። በሰው አገር ድልድይ የሚሠራው መሐንዲስ ወንድሟ ቀና አላለም።

አባታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ሰፈሩ «ጋሽ ማርሽ» ይላቸዋል። ድንበር እየተሻገሩ፣ ወደዚያው ልጃቸው ወዳለበት ከተማ ጭነት ሲያመላልሱ ነው ያረጁት። በመኪና አራት ቀን ነው፤ ጉምሩክ ካገታቸው ደግሞ ሳምንት። ልጁ ለትምህርት የሄደ ሰሞን «ብርድ አይችልም» ብለው ወፍራም ብርድ ልብስ ጋቢና ውስጥ ሸክፈው ወሰዱለት። ግማሽ ቀን አብረውት ዋሉና፣ ያንኑ መንገድ እያፏጩ ተመለሱ።

ሲታመሙ ግን ነገራቸው ሁሉ ተለወጠ። ሐኪሙ «ቤተሰብ ይጠራ» ያለ ዕለት ሴት ልጃቸው ስልኳን ስታነሳ እጇን ያዟት።

«ተይው፣ ሩቅ ነው።»

«አባዬ፣ በአውሮፕላን እኮ ነው የሚመጣው!»

«ሩቅ ነው አልኩሽ! መንገዱን ለኔ ልትነግሪኝ ነው?»

ጎረቤት «ልጅዎ አልመጣም?» ሲላቸውም መልሳቸው ያው ነበር። ልጅቱ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወጥታ በድብቅ ደወለች። ወንድሟ «ሥራ ልናስረክብ ነው፤ ቅዳሜ እመጣለሁ» አላት። አባታቸው ሐሙስ ሞቱ፤ አርብ ተቀበሩ።

ቅዳሜ ኤርፖርት ተቀበለችው። ዓይኑ ቀልቶ ስታየው አሳዘናትና «በጣም ደከመህ?» አለችው።

«ኧረ የሁለት ሰዓት በረራ ናት» አለ፣ ሳያስበው።

ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ደሟ እንደፈላ ነው። የተናደደችው በሱ ብቻ አይደለም፤ በሟቹም ጭምር ነው። በሞተ ሰው መናደድ ደግሞ መውጫ የለውም፤ የሚጮኹበት ሰው የለም።

አሁን ትሪውን ትታ ወጥ ቤት ስትገባ ወንድሟ ተከተላት።

«አባዬ ጠርቶኝ ነበር?» አላት።

«አልጠራህም። ሩቅ ነው አለ። ለጠየቀው ሰው ሁሉ ሩቅ ነው አለ! ዕድሜውን በዚያ መንገድ ላይ የጨረሰ ሰው፣ ሰው ክፉ ልጅ ነው እንዳይልህ ብሎ ዋሸልህ!»

«ቅዳሜ እደርስለታለሁ ብዬ እኮ ነው…»

«አውቃለሁ። ድልድይህ አለቀልህ አይደል? እንኳን ደስ ያለህ።»

ወንድሟ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ጮክ ብሎ አለቀሰ። «አይዞህ» አላለችውም፤ አልነካችውምም።

ደጅ አዲስ ለቀስተኞች ገቡ። «ወንድምሽ የት አለ? ያጥናህ እንበለው» አለ አንድ ሽማግሌ።

ወጣችና የወጥ ቤቱን በር ከኋላዋ ዘጋችው። ጥርሷን እንደነከሰች ጀርባዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«ግቡ፣ ተቀመጡ!» አለች፣ ከውስጥ የሚመጣው የወንድሟ ለቅሶ እንዳይሰማበት ድምጿን ከፍ አድርጋ።