በጉሮሮው ላይ የቆሙ ጥዶች

ገና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሐይቁ በብርዱ ወደ በረዶ ረግቶ ሰው መሸከም በጀመረ ሰሞን፣ በሰሜን ፊንላንድ ጫካ መሃል ባለችው የሐይቅ ዳር ጎጆ የነበሩት ቪየኖና ባሏ ታውኖ ብቻ ናቸው። ያን ዕለት ጠዋት ቪየኖ ውሃ ልትቀዳ ባልዲዋን አንጠልጥላ ስትወጣ፣ በረዶው ላይ ያየችው ነገር ደጃፏ ላይ አቆማት።

የጥዶቹ መስመር ለሁለት ተከፍሏል።

ታውኖ በየዓመቱ ሐይቁ ሲረጋ ትናንሽ ጥዶች ይቆርጣል። በድጅኖው በረዶውን እየመታ ውፍረቱን ይፈትናል፤ በሚተማመንበት ቦታ ቀዳዳ ይከፍትና ጥዱን ይተክላል። ውሃው ግንዱን ጨብጦ ሲረጋ ጥዱ እስከ ጸደይ ንቅንቅ አይልም። የጫካው መንገድ በበረዶ ስለሚዘጋ፣ ከመንደሩ ወደዚህ የሚመጣ ሁሉ ጥዶቹን ተከትሎ ሐይቁን ያቋርጣል። ጉምም ይሁን ጨለማ፣ ታውኖ ከተከለው ጥድ አጠገብ በረዶው ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

አሁን ግን ከመሃል ላይ አዲስ ጥዶች ወደ ግራ ታጥፈው፣ የአገሩ ሰው ጉሮሮ ወደሚለው ጠባብ ቦታ ይሄዳሉ። ከሐይቁ በላይ ግድብ ከተሠራ ወዲህ በጉሮሮው ሥር ውሃው ያለማቋረጥ ስለሚሮጥ በረዶው አይወፍርም። የታውኖ ታላቅ ወንድም ሬይኖ፣ ግድቡ በተሠራ በመጀመሪያው ክረምት፣ በለመደው መንገድ ወደ ቤቱ ሲሄድ እዚያ ሰጠመ። አስከሬኑ አልተገኘም።

"ታውኖ፣ እስኪ ና ይህን እይ" አለች።

ታውኖ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣና ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"እኔ አልተከልኳቸውም።"

"ታዲያ ማን ተከላቸው?"

"ሬይኖ ነዋ" አለ፣ ስለ ጎረቤት እንደሚያወራ ሰው። "ወደ ቤቱ የሚወስደው በዚያ አይደል።"

"ሬይኖ በሕይወት እያለም ማልዶ ተነስቶ አያውቅም" አለች ልታስቀው።

አልሳቀም። ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ቪየኖ ድጅኖውን ይዛ ሄደችና በዙሪያቸው ያለውን በረዶ እየሰበረች ጥዶቹን አንድ በአንድ ነቀለች። ወደ ጉሮሮው በቀረበች ቁጥር የድጅኖው ድምፅ ተለወጠ፤ ድም ድም ይል የነበረው እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባ ጀመር። ከነቀለችው ጥድ ቀዳዳ ጥቁር ውሃ ገንፍሎ ወደ ጫማዋ መጣ። የመጨረሻው ጥድ ከፊቷ፣ ያልረጋው ውሃ ጫፍ ላይ ቆሟል። አንድ እርምጃ ስትጨምር በረዶው ከሥሯ አቃሰተ። ሰው እዚያ ድረስ እንዴት ደርሶ፣ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳ እንደከፈተ ማሰብ አልቻለችም። ፊቷን ከጥዱ ሳታዞር ወደ ኋላ ተመለሰች።

በማግስቱ የነቀለቻቸው ሁሉ ተመልሰው ቆመው ነበር።

በዚያ ሌሊት ግን እንደ ቀደመው ሌሊት አዲስ በረዶ አልወረደም፤ ዱካው አልተሸፈነም። ቪየኖ ተከትላው ሄደች። ዱካው የሚነሳው ከራሷ ደጃፍ ነው፤ የሚያበቃውም እዚያው። የግራ እግሩ በረዶው ላይ እየተጎተተ አልፏል። ታውኖ ዳሌው ከተሰበረ ጀምሮ ግራ እግሩን ይጎትታል።

ቤት ስትገባ ጓንቶቹ ምድጃው ላይ ተሰቅለው ውሃ ያንጠባጥባሉ፤ የጥድ ሙጫ ይሸታሉ። ታውኖ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ በፍርሃት አያት።

"ዛሬም መጥቶ ነበር?"

ቪየኖ ጓንቶቹን ወደ እሳቱ አስጠጋቻቸው። ባለፈው መኸር ለሁለት ሰው ሦስት ሲኒ ሲያቀርብ አይታ ዝም ማለቷ ትዝ አላት። በእንቅልፍ ልቡ ተነስቶ ሲሄድ እጁ የሚያስታውሰው የወጣትነቱን መንገድ ነው፤ ግድቡ ሳይኖር፣ ጉሮሮው እንደ ዓለት ይረጋ በነበረበት ዘመን የሚሄድበትን።

ያስጨነቃት ግን የባሏ ነገር ብቻ አልነበረም። ልጃቸው ማርዩት በገና ዋዜማ ከሥራ ወጥታ፣ እንደ ሁልጊዜው ከጨለመ በኋላ፣ ዕቃ የጫነችበትን የበረዶ ተንሸራታቿን እየጎተተች በጥዶቹ ትመጣለች። ስልክ የሚሠራው ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱ፣ ጀርባ ያለው ዓለት ላይ ብቻ ነው። ቪየኖ እየተንሸራተተች ወጣችና ደወለች። ማርዩት ስለ ገዛችው የአሳማ ሥጋ፣ ስለ ሻማው፣ ስለ አለቃዋ ክፋት አወራች። እናቷ እስክትጨርስ ጠበቀች።

"ማርዩት፣ ስትመጪ በጥዶቹ አትተማመኚ።"

"በአባዬ ጥዶች?"

"ቀይ ክር የማስርባቸውን ብቻ ተከተይ። ክር የሌለው ካየሽ፣ አባትሽ ራሱ አጠገቡ ቆሞ ቢጠራሽም እንዳትሄጂ።"

"እማ፣ ምን እያልሽኝ ነው? አባዬ ታመመ እንዴ?"

"ያልኩሽን ብቻ አድርጊ፣ የኔ ልጅ።"

ስልኩን ዘጋች። ማንም ሰው ስለ ታውኖ ጥዶች እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም፤ ጀማሪዋ እሷ ሆነች።

ለገና ስጦታ ብላ ለታውኖ ቀይ የሱፍ ካልሲ ሠርታለት ነበር። አንዱን ፈታችው። የጉሮሮውን ጥዶች የምትደርስበትን ያህል እንደገና ነቀለች፤ በደህናው መስመር ባሉት ላይ ደግሞ ክር እየቆረጠች አሰረች። ጣቶቿ ደነዘዙ። ከባድ ጨለማ ከሰዓት በኋላው ሳያልቅ ከጫካው ወጥቶ በረዶው ላይ ሲነጠፍ፣ ያልደረሰችበት የመጨረሻው ጥድ ብቻውን ጥቁር ሆኖ ይታይ ነበር። ነፋስ አልነበረም፤ ጥዱ ግን ከሥሩ በሚሮጠው ውሃ ራሱን ይነቀንቃል።

ስትመለስ ታውኖን የተረፈውን ክር ሲያገላብጥ አገኘችው።

"ካልሲዬን ፈታሽው።"

"አንዱን ብቻ ነው።"

"እኔ ባለ አንድ እግር ነኝ እንዴ?"

"አንዱን እግርህን እኮ ትጎትተዋለህ እንጂ መች ትራመድበታለህ።"

ፈገግ አለ። ከዚያ እጁን ወደ አፍንጫው ወስዶ አሸተተ፤ ጥፍሮቹን መብራቱ ሥር አድርጎ አያቸው። በየጥፍሩ ሥር ሙጫ ጠቁሮ ተጣብቋል።

"ቪየኖ" አለ፣ "እኔ ዛሬ ጥድ አልቆረጥኩም።"

የሐይቁ በረዶ ከሩቅ ሲሰነጠቅ ረጅም ድምፅ አሰማ፤ ሁለቱም ወደ መስኮቱ ዞሩ። ታውኖ እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላት።

"ክሩን እጄ ላይ እሰሪልኝ። ሌላውን ጫፍ አንቺ እጅ ላይ አድርጊው። ሬይኖ ሊጠራኝ ሲመጣ ታውቂያለሽ።"

ቪየኖ ክሩን በእጥፍ አድርጋ አሰረችለት፤ ከዚያ በጥርሷ እየረዳች ሌላውን ጫፍ በራሷ እጅ ላይ አሰረች።

ማርዩት በዋዜማው ቀዩን ክር ተከትላ በደህና ደረሰች። በዚያ ሌሊት በቪየኖ እጅ ላይ ያለው ክር ሁለት ጊዜ ተሳበ፤ ሁለቱንም ጊዜ ታውኖን ወደ አልጋው መልሳ ሳበችው።