ላሮና ያዋሰችው አምባር

ላሮና ስድስት ዓመቷ ሳለ ነበር እትዬ ማሴጎ እንቅስቃሴና እንቅልፍ የሚመዘግበውን ጥቁር አምባር መጀመሪያ እጇ ላይ ያሰሩላት። ሴትዮዋ የሚመጡት ከጤና ጥናት ቢሮ ነው፤ የፓላፕዬ ከተማ ልጆች ምን ያህል እንደሚሮጡ፣ ስልክ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚያፈጡ፣ መቼ እንደሚተኙ በየአራት ዓመቱ ይመዘግባሉ። ያኔ ላሮና ከአክስቷ ልጅ ከኔኦ ጋር አቧራ ስትቅም ትውልና እራቷን ሳትጨርስ እንቅልፍ ይጥላት ነበር።

ከዚያ አክስቷ ዋና ከተማው ሥራ አገኘችና ኔኦን ይዛት ሄደች። የላሮና እናት ኬፊልዌ ከኃይል ማመንጫው የጽዳት ሥራ የምትመለሰው ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ነው። «ከትምህርት ቤት ስትመለሺ በሩን ከውስጥ ቆልፊ፤ ንቅንቅ እንዳትዪ» ብላ አሮጌ ስልኳን ሰጠቻት። መጀመሪያ ላሮና ስልኩን እያስቀመጠች በመስኮት መንገዱን ታይ ነበር። እያደር ማየቱንም ተወችው። ያልሮጠ ገላ ቶሎ አይደክምምና እንቅልፍ ራቃት። እናቷ ደክሟት ስትተኛ እሷ ስልኩን ታነሳለች፤ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች፤ በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ሲጠሯት «ደክሞኛል» ትላለች። ውለው አድረው መጥራቱን ተዉት።

አሥር ዓመት ሲሞላት አምባሩ እንደገና ታሰረላት። ከሳምንት በኋላ እትዬ ማሴጎ ሊወስዱት መጡና ኮምፒውተራቸው ላይ ሲሰኩት ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው።

«እንዴ! ሯጭ ወጥቶሻል እኮ! ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ እንደ ግንድ ነው የምትተኚው?»

ላሮና አቀረቀረች። የዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል።

«እኔ አይደለሁም እትዬ። ቦኖሎ ናት።»

«ቦኖሎ ደግሞ ማን ናት?»

«የጎረቤት ልጅ። አዋስኳት።»

«ለምን የኔ ልጅ?»

«በፊት "ጎበዝ" ብለውኝ ነበር። አሁን ቁጭ ብዬ እንደምውል እንዳያውቁብኝ ነው።» ቀና ሳትል ጨመረች፤ «ደግሞ ልትወስደው ስትመጣ አዋራችኝ።»

ማሴጎ ቅጹ ላይ «መረጃው አያገለግልም» ብለው ጻፉ። ቦርሳቸውን ግን አላነሱም፤ በሩ ላይ ተቀምጠው ኬፊልዌን ጠበቁ።

ኬፊልዌ ነገሩን ስትሰማ ተቆጣች። «እና ምን ላድርግ? ሥራዬን ልልቀቅ? መንገድ ላይ ጥያት ልሂድ? ስልኩ ቢያንስ ቤት ያውልልኛል!»

«አልፈረድኩብሽም እህቴ። ላሮና እንደነገረችኝ የቦኖሎ አያት ቀኑን ሙሉ ከደጃቸው አይጠፉም። እስቲ ከትምህርት በኋላ እሳቸው ጋ ትዋል ብለሽ ጠይቂያቸው።»

ኬፊልዌ በማግስቱ ሄዳ ጠየቀች፤ አያቲቱም እሺ አሉ።

ላሮና ከትምህርት ቤት በቀጥታ እነቦኖሎ ግቢ ሄደች። ልጆቹ ገመድ ይዘላሉ። ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለት ጊዜም ገመዱ እግሯን ጠለፋት። «ኧረ ይቺ ዝሆን!» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ፤ ቦኖሎም ሳቀች። ላሮና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ተራዋ ሲደርስ የጠራት የለም።

ማታ እናቷ «እንዴት ነበር?» ስትላት «ጥሩ ነው» አለች።

በሦስተኛው ቀን ቦኖሎ የገመዱን ጫፍ «ያዢልኝ» ብላ ሰጠቻት። የቀረውን ሳምንት ሙሉ እሱን ስታዞር ሰነበተች፤ «ዝለዪ» ያላት አልነበረም። ቢሆንም አልቀረችም፤ ማታ ማታም ክንዷ ዝሎ፣ ከበፊቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብላ ትተኛ ጀመር።