ካልሲየም የጠገበው ግራ ወገን

አባት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ ቤተሰቡን አንድ በአንድ አዩና «ነገ ጠዋት የመጋዘኑ በር ይከፈታል!» ሲሉ አወጁ። በሩ በየቀኑ የሚከፈት ነው።

የነገው ግን ፍርድ ነበረበት። ልጃቸው፣ ፍሬው ገና እንቁላል ሳያህል ጀምራ፣ በየሁለት ሳምንቱ ፀሐይ ሳይከር የፖሙን እርሻ ግራ ወገን ካልሲየም ስትረጭ ከርማለች። ቀኙን አባቷ አላስነኩም። የሁለቱም ወገን ፍሬ መጋዘን ከገባ አምስት ወር ሞላው። የእሷ ከተሻለ የከርሞው ርጭት በሙሉ በእጇ ይገባል፤ ካልተሻለ መርጫው ዶሮ ቤት ገብቶ ዶሮ ይሰፍርበታል።

«ለጤነኛ ፍሬ መድኃኒት!» ይሉ ነበር አባት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን!»

«መድኃኒት አይደለም አባዬ፣ ምግቡ ነው።»

ካልሲየም ቅጠሉን ብቻ ቢነካ ወደ ፍሬው እንደማይሻገር ታውቃለች። ስለዚህ እያንዳንዷን ፍሬ እንደ ሕፃን ፊት እያራሰች ክንዷ እስኪዝል ሠርታለች።

በማግስቱ ሳጥኖቹ ወጡ። የቀኙ ፖም ቆዳው ተጨማዷል፤ ሲላጥ ከሥሩ ቡናማ ነቁጥ ብቅ ብቅ ብሏል፤ አውራ ጣት ሲጫነው ይሰረጉዳል። የግራው እንደገባ ወጣ፤ ጥርት፣ ጥንክር ያለ። ልጅቱ ቁመቷ በስንዝር የጨመረ መሰላት፤ ፊቷን ግን እንደ ለቀስተኛ አጠቆረች።

እናት ባላቸውን አየት አድርገው፣ «የአባትሽ ለስለስ ያለ ነው፤ ለሆድ ይስማማል» አሉ።

አባት የተናገሩትን ሁሉ ስለሚያጸድቁ «ልክ ነው» የሚል ስም የወጣላቸው አጎት ቀጠሉ፦ «ልክ ነው! ነቁጡም እኮ የጣፋጭነት ምልክት ነው።»

«እንግዲያው ጋሼ፣ አንድ ይቅመሱልኛ» አለች ልጅቱ፣ ነቁጣሙን እየዘረጋች።

«አይ ልጄ፣ ቁርሴን በልቻለሁ።»

«አባዬ፣ ፍርዱስ?»

«ቆይ እንጂ! ገና እያየሁ ነው።»

እውነትም እያዩ ነበር። ዓይናቸው የቀኙ ሳጥን ላይ እንደተተከለ እጃቸው ግራው ሳጥን ውስጥ ገባ፤ አንዱን ፖም መዘዘ፤ በኮታቸው እጅጌ ወለወለው። ከዚያ አባት ገመጡት።

ቆርሸም!

ድምፁ የመጋዘኑን ግድግዳ መትቶ ተመለሰ። እናት ሳጥን ቆጠሩ። አጎት ጣሪያ አዩ። አባት አኘኩ፣ ዋጡ፤ ደግመው ገመጡ።