አራተኛው ካንዴላ

«ኧረ ተቀመጥ ልጄ፤ ሰው ሊያጽናናህ መጥቶ አንተ በር በሩን ታያለህ» አሉ ሼህ ኢስማዒል።

ኸይሩ ተቀመጠ። የተቀመጠው ግን ገላው ብቻ ነው፤ ልቡ ግቢ ውስጥ የቆመችው የወንድሙ ፒክአፕ ኮፈን ሥር ነበር። ወንድሙ የሱፍ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሀርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር ውስጥ በተከራዩት ቤት ወንዶቹ ግድግዳ ተደግፈው ወተት የገባበት ሻይ ይጠጣሉ፤ ሴቶቹ በወዲያኛው ክፍል ከሟቹ ሚስት ከፈዲላ ጋር ናቸው። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር እጆች ለዱዓ ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ደግሞ ስለ የሱፍ አሟሟት ይጠየቃል። ኸይሩን ከምንጣፉ የሚያስነሳው ይህ ጥያቄ ነበር።

መልስ የሚሰጠው ፋራህ ነው፤ የሱፍ በታመመበት ጉዞ ላይ የተጫነው ሲሚንቶ ባለቤት። ሱማሌ ቢሆንም ጅጅጋ ስለተማረ አማርኛው አይታማም።

«ከበርበራ ስንነሳ ደህና ነበር» አለ ፋራህ። «መንገድ ላይ ሆዱን ቆረጠው። ዳገቱን ስንጀምር ደግሞ መኪናዋ ትንተፋተፍ ጀመር። እሱ እያቃሰተ ይነዳል፣ እሷ ትጠፋለች። ግማሹን ሲሚንቶ አውርደን ገፋናት። ሀርጌሳ ስንገባ ነግቷል። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ኖሯል። ሐኪሙ ‹ማታውኑ ብትደርሱ ኖሮ› አለ።»

«ሰበብ ነው እንጂ ቀኑ ደርሶ ነው» አሉ ሼህ ኢስማዒል። ሁሉም «አልሐምዱሊላህ» አለ።

ኸይሩ ብድግ ብሎ ወጣ። «ምስኪን፣ ሐዘን አቅበጠበጠው» ሲሉ ከኋላው ሰማ። ሰው እንዲያዝንለት አልፈለገም። ያደረገውን ቢያውቁ ከምንጣፉ ያስነሱት ነበር።

የሱፍ ከኮምቦልቻ ወደ ሀርጌሳ የመጣው ጦርነቱ አብቅቶ የፈረሰው ከተማ ገና ጣሪያ ሳይለብስ ነው። «ጣሪያ በሌለው ከተማ ሲሚንቶ የሚያመላልስ ሰው አይራብም» ብሎ፣ ኪሎሜትር ቆጣሪዋ አራት መቶ ሺህ ላይ ደክሞት የቆመ ፒክአፕ ገዛ። ከዚያ ታናሽ ወንድሙን አስመጣ፤ ሙያም አስተማረው። አስተማሪነቱ ግን ጉደኛ ነበር። ኸይሩ ቡሎን አጣሞ ሲያስር አይቶ አይቆጣም፤ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አንድ ሰዓትም ቢሆን ይጠብቃል። በመጨረሻ ኸይሩ ላብ አጥምቆት «ጋሼ፣ አበላሸሁት» ሲል ያን ጊዜ ይስቅና «በቃ፣ አሁን ይጠገናል» ብሎ ይነሳል። ኸይሩ ከዱላ ይልቅ ያንን ጥበቃ ይፈራ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት የሱፍ ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭሩ አራት አዲስ ካንዴላዎች አምጥቶ «ቀይራቸው፤ ይቺ ምስኪን በሦስት ካንዴላ ብቻ እየሠራች ስንት ዓመት ትዝለቅ?» አለው። ኸይሩ ሦስቱን በወጉ አሰረ። አራተኛው ከዘይታም እጁ ሾልኮ ድንጋይ ላይ ወደቀ። አንስቶ ሲያየው ነጩ ሸክላ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጥታለች። በዚያው ሳምንት ለሰፈሩ ሁሉ «ከእንግዲህ መካኒክ ነኝ» ብሎ ነበር፤ ኩራት ራት አይሆንም የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ከዚያው ቦታ የፈታውን አሮጌ ካንዴላ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ መልሶ አሰረው፤ የተሰነጠቀውን ከግቢው ውጭ ወረወረው።

«አራቱንም ቀየርካቸው?» አለው የሱፍ ማታ።

«አራቱንም።»

ነገ አዲስ ገዝቼ እቀይረዋለሁ አለ። ነገም ነገ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ፣ ሼህ ኢስማዒል ሰው ሁሉ ባለበት ጠሩት።

«እንግዲህ ልጄ፣ የሙት ልጆች ያንተ ናቸው። ከነገ ጀምሮ መኪናዋን ያዝ። የሱፍ ከማንም በላይ የሚያምነው አንተን ነበር።»

ኸይሩ አንገቱን ደፋ። አመስጋኝ መሰላቸው። እሱ ግን ዛሬ ካልተናገረ ይህን አደራ ዕድሜ ልኩን እንደ ሌባ ይዞ እንደሚኖር ገብቶት ነበር፤ ከተናገረ ደግሞ ፈዲላ ከቤት ልታስወጣው ትችላለች፤ ብታስወጣውም አይፈርድባትም። ሁለቱም አስፈራው።

ወንዶቹ ለከሰዓቱ የዐስር ሰላት መስጊድ ሲሄዱ አልተከተላቸውም። ኮፈኑን ከፈተ። ከቀብር መልስ የገዛው አዲስ ካንዴላ ኪሱ ውስጥ ነው። የአራተኛውን የኤሌክትሪክ ካቦ ነቅሎ፣ ቁልፉን አግብቶ አሮጌውን ፈታው፤ ጥላሸት ለብሶ፣ በዘይት ረጥቦ ወጣ።

«ደግሞ ምን ሆነች?»

ፈዲላ ናት። ባሏ እንደ ሞተባት የአገሩ ሴት ነጭ ለብሳ በረንዳው ላይ ቆማለች።

«እሷ ምንም አልሆነችም እትዬ። እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ስለወደቀው፣ ስለተፈተገው፣ «አራቱንም» ስላለው። ‹ግን› የሚል ቃል አልጨመረም።

ፈዲላ እጁ ላይ ያለውን ጥላሸታም ካንዴላ አየች።

«ያውቅ ነበር» አለች።

«ማን?»

«የሱፍ ነዋ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ‹አሁንም በሦስት ነው የምትሠራው› አለኝ። ‹ታዲያ ለምን አትጠይቀውም?› ስለው ‹ራሱ ይንገረኝ፣ አፉ ላይ ደርሷል› ይለኝ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ሲወጣም እንዲሁ ብሏል።»

ኸይሩ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሁለት ወር ሙሉ ተጠብቋል። በጥፊ ቢመታው፣ ቢሰድበው ምን ነበረበት?

«አውፍ በይኝ እትዬ፤ ይቅር በይኝ።»

«ዛሬ አትጠይቀኝ። እሱ ዝም አለ፣ አንተ ዝም አልክ፣ እኔም ዝም አልኩ። የወሰደው አላህ ነው። ግን ሦስታችንም ዝም ብለናል። ተነስ፣ የጀመርከውን ጨርስ።»

ተነሳ። አዲሱን ካንዴላ በጣቱ አስገብቶ በቁልፍ አጠበቀ፣ ካቦውን ሰካ፣ ገብቶ አስነሳት። በአራቱም ተነሳች፤ ስንት ዓመት ያልነበራት ልስላሴ። ሌላ ቀን ቢሆን ይጨፍር ነበር።

ፈዲላ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እሱ ሲመጣ እንዲህ አልነበረችም» አለች።

«አዎ፣ አሁን ደህና ሆነች።»

«አሮጌውን መልሰው።»

«እትዬ?»

«አንዴ ብቻ። ልስማው።»

ሞተሩን አጠፋ። አዲሱን ፈትቶ፣ ያንን ጥላሸታም ካንዴላ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፣ በገዛ እጁ መልሶ አሰረው። አስነሳት። ሦስት ትመታለች፣ አንዷን ትዘላለች፤ ሦስት ትመታለች፣ አንዷን ትዘላለች።

ፈዲላ ከበረንዳው ወረደች። የሱፍ ከጉዞ ሲመለስ ይህን ድምፅ ከመታጠፊያው ሰምታ፣ ደክሞት ሳለ ከመኪናው እንዳይወርድ በሩን የምትከፍትለት እሷ ነበረች። ወደ ትልቁ የቆርቆሮ በር ሄደች፣ መቀርቀሪያውን አነሳች፣ ሁለቱንም መዝጊያ አንድ በአንድ ገፍታ ከፈተች። ውጭ ማንም አልነበረም። ከዚያ መኪና ለማሳለፍ ወደ ጥግ ፈቀቅ ብላ፣ አቧራው እንዳይነካው የነጭ ልብሷን ጫፍ ሰበሰበች።