አንደኛ የወጣው ዓሣ

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አራሚዋ ተነሣች። መስኮቱን ከፈተች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ሻይ ጣደች። ከማተሚያ ቤት ያመጣችውን ረቂቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቀይ እስክሪብቶዋን ከጎኑ አጋደመች። ከወዲያኛው ክፍል የባሏ ታላቅ እህት ከሬዲዮው ዜና አንባቢ ጋር ሲሟገቱ ይሰማል። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ ሰው ጡረታ ወጡ ማለት ዝም አሉ ማለት አይደለም። ወንድማቸው የሞተ ሰሞን «አንድ ወር ላጽናናሽ» ብለው አንድ ሻንጣ ይዘው መጡ። ይኸው ስምንተኛ ወራቸው ነው፤ ሻንጣውም ሦስት ሆኗል።

አራሚዋ ፍሪጁን ከፍታ ወተት አወጣች። ወተቱ ሻይዋ ውስጥ ሲገባ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተበጣጠሰ። ተመልሳ ፍሪጁን ከፈተች። መብራቱ በራ፤ ፊቷን የሚመታው ብርድ ግን አልመጣም።

ለወተቱ አላዘነችም። እጇ ቀጥ ብሎ የሄደው ወደ ላይኛው፣ ወደ በረዶው ክፍል ነው። እዚያ፣ በጋዜጣና በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ክንድ የሚያህል ዓሣ ተጋድሟል። ባሏ ከመሞቱ ከስድስት ቀን በፊት ከወንዝ ይዞት የመጣው ነው። «እሑድ እንበላዋለን» ብሎ ነበር። እሑድ ሌላ ነገር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ዓሣውን ፈትቶ ሊያበስለው የደፈረ የለም። ሥጋ ሲገዛ ከጎኑ ይቀመጣል፣ በረዶ ሲራገፍ ለአንድ ሰዓት ጎረቤት ቤት በእንግድነት ይቆያል፣ ተመልሶ ቦታው ይገባል። ዳይሬክተሯ «ይኼ ዓሣ የመኖሪያ ፈቃድ አለው» ይሉ ነበር፤ እሳቸውም ግን አልነኩትም።

አራሚዋ በጣቷ ጫን አለችው። ጅራቱ በኩል ለስልሷል።

«እትዬ!» ብላ ተጣራች። «እትዬ፣ ይምጡ እስቲ! ፍሪጁ መቀዝቀዝ ትቷል!»

ሬዲዮው ጸጥ አለ። ዳይሬክተሯ በሌሊት ልብሳቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ። ዓሣውን አዩ፣ እሷን አዩ። ቀጥለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«በሥርዓት እንሂድ» አሉ። «መጀመሪያ ሶኬት።»

ሶኬቱን ነቅለው የራስጌ መብራት ሰኩበት፤ በራ። ቀጥሎ የበሩ ጎማ። አራሚዋ ከረቂቁ አንድ ገጽ ወስዳ በሩ መሃል አድርጋ ዘጋችና ሳበችው። ወረቀቱ አልወጣ አለ።

«ጎማው ደህና ነው» አለች።

«ወይም መጽሐፉ ከባድ ነው። ምንድነው የምታርሚው?»

«የግብር መመሪያ ነው።»

«እንግዲያው ወረቀቱም መውጣት ፈርቶ ነው።»

ቀጥለው ፍሪጁን ከግድግዳው ላይ ጎትተው አወጡት። ዳይሬክተሯ «አንድ፣ ሁለት፣ ሳቢ!» ይላሉ እንጂ የሚስቡት እምብዛም ነው። ከኋላው ያለው ጥቁር የብረት መረብ ላይ ያደረው አቧራ ትራስ ይሞላል። ሁለቱም ጉልበታቸው ላይ ሆነው በብሩሽ ጠረጉት፤ ሲያስነጥሱ ቆይተው እንደ ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነጥተው ተነሡ። ፍሪጁን መልሰው ሰኩት። ሞተሩ ትንሽ አጉረመረመና ተኛ።

አራሚዋ ሄዳ ዓሣውን ነካችው። አሁን ሆዱም ለስልሷል። መሃሉ ብቻ ገና ድንጋይ ነው።

«ሰው እንጥራ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ፍርሃት ዳይሬክተሯ ሰሙት፤ የሰሙ ግን አልመሰሉም።

አራት ሰዓት ሲሆን የሰፈሩ ፍሪጅ ሠሪ መጣ። ሰው ሁሉ «ሐኪሙ» ይለዋል፤ ምክንያቱም መፍቻ ከማውጣቱ በፊት ጆሮውን ፍሪጁ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ጸጉሩ የሸበተ፣ ሆዱ ቀደም ቀደም የሚል ሰው ነው። በሩ ላይ እንደቆመ ዳይሬክተሯን አይቶ ሳጥኑን መሬት አስቀመጠ።

«ቲቸር!»

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «አምስተኛ ሲ። በመስኮት በኩል። ሠላሳ ሰባተኛ የወጣኸው!»

«ከሠላሳ ስምንት ልጅ ነው ቲቸር። የሚበልጡኝን ብቻ ነው የሚያስታውሱት፤ የበለጥኩትንም ቢጠቅሱልኝ ምናለ?»

«እሱ ፈተናውን ታሞ ቀርቶ ነው።»

አራሚዋ ሳይታወቃት ፈገግ አለች። ሐኪሙ ጆሮውን ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለቱ ሴቶች ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«በሽታ የለበትም» አለ። «ትንፋሹ ደህና ነው። ስንፍና ነው የያዘው።» በሩን ከፈተና ማሰሮ፣ ጎመን፣ እንቁላል ወደ ጎን እየገፋ አንገቱን አስገባ። ውስጥ ሆኖ ድምፁ እንደ ጉድጓድ አስተጋባ፦ «ይኼን የብርድ ማዞሪያ አንድ ቁጥር ላይ ማን አደረገው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ዳይሬክተሯ ቀና ብለው። «ሐሙስ ዕለት። አምስተኛ ላይ ወድቆ አገኘሁትና ወደ አንደኛ አሳደግኩት።»

ሐኪሙ ራሱን ከፍሪጁ ቀስ ብሎ አወጣ።

«ቲቸር፣ እዚህ ላይ እኮ ብርቱው ሰባት ነው። አንድ የመጨረሻው ሰነፍ ነው። በዚህ ሙቀት አንድ ላይ ካደረጉት አሥር ደቂቃ ሠርቶ አንድ ሰዓት ይተኛል።»

«ሰባተኛ የወጣ ጎበዝ የሚባልበት ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው?»

«የብርድ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ገብቼ ቢሆን ኖሮ እኔም ተሸላሚ ነበርኩ።»

አራሚዋ ማዞሪያውን ጎንበስ ብላ አየችው። የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ሳይቀር የምታነብ ሰው ናት፤ የተገለበጠች አንዲት ፊደል ከመቶ ገጽ መሃል ትለቅማለች። ሦስት ቀን ሙሉ ወተት ስታወጣና ስታስገባ ይህቺን አንዲት ቁጥር አላየቻትም። ልትቆጣ ፈልጋ ዞረች። ዳይሬክተሯ ግን መነጽራቸውን አውልቀው በሌሊት ልብሳቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረውም።

«ሙቀቱ ሲበረታ ፈራሁ» አሉ፤ ትምህርት ቤት ሙሉ ጸጥ ያሰኝ የነበረው ድምፅ ቀጠነ። «የወንድሜ ዓሣ አምስተኛ መሆን አይገባውም አልኩ። አንደኛ ይሁን ብዬ ነው።»

 ሐኪሙ ስለ ዓሣው የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ መፍቻውን አገላብጦ ያይ ጀመር። ዳይሬክተሯ ድንገት ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «በቃ፣ ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው» አሉ። «የዚህ ቤት አናት ደግሞ እኔ ነኝ።»

አራሚዋ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ ቀጥሎ ወገቧን ይዛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ። ስምንት ወር ሙሉ በዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ አልሳቀችም። ዳይሬክተሯም ተከተሏት። ሐኪሙ ለምን እንደሚስቅ ሳያውቅ ከሁለቱም ይበልጥ ሳቀ።

እንባዋን ጠርጋ፣ «አሁን ቢስተካከል ይደርስልኛል?» ስትል ዓሣውን አሳየችው።

ሐኪሙ ማዞሪያውን ወደ አምስት መለሰና ዓሣውን ጫን አድርጎ አየው፣ አሸተተው። ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፤ ቀልዱን ተወ። «ፍሪጁ አራት አምስት ሰዓት ይፈልጋል፣ እህቴ። ይኼ አይጠብቅም። አንዴ ከለሰለሰ መልሶ ማቀዝቀዝም ደግ አይደለም። ሽታው ግን ንጹሕ ነው። ዛሬ ከተበላ ይበላል፤ ካልሆነ ነገ ይጣላል።»

«ይጣላል» የሚለው ቃል ኩሽናው መሃል ቆመ። ዳይሬክተሯ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ፤ አልገፏትም፣ አልሳቧትም።  አራሚዋ ዓሣውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ገንዳው ሄደች።

ጋዜጣውን ራሷ ፈታችው። ህዳጉ ላይ በባሏ እጅ ጽሑፍ ቀኑ ሰፍሯል፤ ከሥሩ «ያዝኩት!» ይላል። ቀለሙ በውሃው ፈሷል። አራሚዋ የምታርመው ነገር አላገኘችበትም።

«ሐኪም፣ ምሳ ሳትበላ አትሄድም» አለች ጀርባዋን እንደሰጠች። «ቢላው የት ነው፣ እትዬ? ሎሚስ አለን?»

ቅርፊቱን ሐኪሙ ላጠው፤ እሱም ለካ ዓሣ አጥማጅ ነው። ነጭ ሽንኩርቱን ዳይሬክተሯ ከተፉ። ዘይቱ ሲንጫጫ ሽታው ደረጃውን ወርዶ ሄደ፤ ከታች አንዲት ጎረቤት «ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?» ብላ ጮኸች።

ከትኩስ ዳቦ፣ ከቲማቲምና ከሎሚ ጋር፣ ረቂቁን ወደ ጎን ገፍተው በሉት።

«ወንድሜ ግን ይኼን የያዘው ይመስልሃል?» አሉ ዳይሬክተሯ አጥንት ከጥርሳቸው እያወጡ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። እኔ ከመንገድ ገዝቶ ነው እላለሁ።»

«ይዞታል!» አለች አራሚዋ፤ አፏ ሙሉ ነበር። «እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ነው የመጣው!»

«ጭቃውንስ ገዝቶ ቢሆን?»

ሐኪሙ ፍርድ እንዲሰጥ ተጠየቀ። ሁለቱንም አየና፣ «በምሳ ሰዓት ፍርድ ቤት ዝግ ነው» ብሎ ጅራቱን ወደ ሳህኑ ሳበ። ዳይሬክተሯ ወንድማቸው በዘጠኝ ዓመቱ በባልዲ ውሃ ውስጥ መንጠቆ ጥሎ ግማሽ ቀን እንደተቀመጠ አወሩ። አራሚዋ ያን ታሪክ ሰምታው አታውቅም ነበር። ደግመው እንዲያወሩት ጠየቀች፤ ደገሙት፤ ሁለተኛው ከፊተኛው ረዘም ያለ ነበር።

አሥር ሰዓት ገደማ ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ፍሪጁን ወደ ግድግዳው መለሱት። ዳይሬክተሯ ደክሟቸው ሶፋው ላይ አሸለቡ። አራሚዋ እጇን ታጥባ የላይኛውን ክፍል ከፈተች። ብርዱ ፊቷን መታት። ግድግዳው ላይ ስስ ነጭ በረዶ መያዝ ጀምሯል። ማዞሪያው አምስት ላይ ነው፣ ሞተሩ ይሠራል፣ በሩ ይገጥማል። ዓሣው የለም።