የአምሃ እጅ

ባሌ ዳኛቸው ዘጠና ሰባት ላይ «ድምፃችን ይቆጠር» ብሎ ነው የታሰረው። ሲፈታ ተሰደድን፤ ለንደን መጥተን ዊልስደን የሚባል ሰፈር ገባን። እኔ የምርጫ ነገር እዚያው ቀርቷል ብዬ ነበር። ምን ይደረግ፣ ሰውየው አይማርም! ለዕድራችን ሊቀመንበርነት ካልተወዳደርኩ አለ።

ወንበሩ ላይ ዓመታት የተጣበቁት አቶ መዝገቡ ናቸው። ግማሹ አባል የእሳቸው ተከራይ ነው። ምርጫ ሲደርስ ጥብስና ቢራ ይጋብዛሉ፤ ማንም የበላበትን ወጪት ሰባሪ መባል አይፈልግም። ባለፈው ጊዜ ለሌላ ሰው እጁን ያነሳው ተክለአብ ቤት ልቀቅ ተብሎ ከለንደን ሌላ ጫፍ፣ ኤድመንተን ገብቷል። ታሪክ የምታጠናው ልጃችን ዲና ይህን ስትሰማ ሳቀች። እንግሊዞቹም ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እንዲሁ ነበሩ አለችን፤ ባለርስቱ ቢራ ያጠጣል፣ መራጩ ሰው ፊት ቆሞ የሚመርጠውን ይናገራል፣ ባለርስቱ ያልፈለገውን የመረጠ ጭሰኛ ከቤቱ ይባረራል።

ዳኛቸው ይህን ሰምቶ ዝም አላለም። ምርጫው በምስጢር ይሁን፣ ሳጥን ይቅረብ ብሎ ጠየቀ። «ወንድማማች ምን ይደባበቃል?» አሉት አቶ መዝገቡ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እንደ ወትሮው እጅ ይውጣ ተባለ።

አምሃ ከዳኛቸው ጋር አንድ ክፍል የታሰረ ጓደኛው ነው። አሁን ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚኖረው አቶ መዝገቡ ቤት ነው። የምርጫው ዕለት አዳራሹ ውስጥ የዳኛቸው ስም ሲጠራ ማንም እጁን አላነሳም። አቶ መዝገቡ ከፊት ተቀምጠው ሰዉን አንድ በአንድ ያያሉ። አምሃ ብቻውን እጁን ማንሳት ጀመረ። ሚስቱ አጎንብሳ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ዳኛቸው ብድግ አለ።

«አትቁጠሩ። እኔ ራሴን አግልያለሁ።»

አምሃ እጁን አወረደ። ሰዉ አጨበጨበ፤ አቶ መዝገቡም መጥተው ዳኛቸውን አቀፉት።

እኔ በገንኩ። ለዚህ ነው እንዴ ያን ሁሉ ጊዜ ስንቅ ያመላለስኩት? አውቶቡስ ውስጥ ልሰድበው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ሮማን፣ እዚያ ቁጠሩ ብዬ ታሰርኩ። እዚህ አትቁጠሩ ያልኩት እኔው ነኝ።»

እስር ቤት ስጠይቀው አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰብኝም። አሁን ግን ሰው እያየው አለቀሰ። ስድቤን ዋጥኩት። እጁን እንደያዝኩ መውረጃችን አለፈን።