እማማ ፍሬን ሥራ ሊያዩ ሲመጡ

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ጠዋት ሱቋን ሙሽራ አስመሰለችው። የደንበኛውን ልብስ ሁሉ ከነቁርጥራጩ ጠቅልላ ከመጋረጃው ጀርባ ጎሰጎሰችው። ከጎረቤት ወንበር ተዋሰች። የመርገጫ መኪናዋን እንኳ ነጭ ዳንቴል አለበሰቻት።

«አሁን ገና ሱቅ መሰለ» አሏት አማቷ።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ያደረገችው ወዳ አይደለም። በሰፈሩ መጤ የምትባል ሴት ናት፤ ባንክ የቤት ካርታ ሲጠይቃት የምትገባበት ጠፍቷት ተመልሳለች። የቀራት የሰፈሩ አበዳሪ ማኅበር ነው። እሱ ደግሞ ማስያዣ አይጠይቅም፤ መጥቶ ተበዳሪውን ሥራ ላይ ያያል። ካበደሯት ጠርዝ መዘምዘሚያ መኪና ትገዛለች፤ ካላበደሯት የትምህርት ቤቱ የደንብ ልብስ ትእዛዝ ለሌላ ሰፊ ይሄዳል።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ከተፍ አሉ። ብድር ሁሉ እሳቸው ጋ ሲደርስ ቀጥ ስለሚል ሰፈሩ «እማማ ፍሬን» ይላቸዋል። ግራ ቀኙን ቃኙ። ጠረጴዛውን በጣታቸው ጠረግ አድርገው ጣታቸውን አዩት።

«ልጄ፣ ሥራ ከፈታሽ ቆየሽ?»

«ኧረ እማማ! ሥራማ ሞልቷል!»

«የታለ? እኔ የማየው ዳንቴል ነው።»

«እጇ ንጹሕ ነው እኮ!» አሉ አማትየዋ ጣልቃ ገብተው።

«አየሁት፤ ክርም አልነካው።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ መጋረጃው ሰረቅ አድርጋ አየች። የደበቀችውን ብታወጣ አታላይ ልትባል ነው፤ ባታወጣ ሥራ ፈት። በልቧ «አንተው ታውቃለህ» አለች።

ይኼኔ አንድ ደንበኛዋ፣ የሚኒባስ ሹፌር፣ በታናሽ ወንድሙ ቁምጣ እየተጣደፈ ገባ።

«እትዬ፣ ሱሪዬን! ተሳፋሪው በሳቅ ሊሞትብኝ ነው!»

ልብስ ሰፊዋ እማማ ፍሬንን አየች፤ ቁምጣውን አየች። ከዚያ መጋረጃውን ሳብ አደረገችው። ክምሩ ተናደ፤ እጅጌ የሌለው ኮት፣ ግማሽ ቀሚስ፣ የማን እንደሆነ የጠፋ ካፖርት፣ ሁሉም እማማ ፍሬን እግር ሥር ተዘረገፈ።

«አፈር ስሆን፣ እማማ። ዝርክርክ እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።»

እማማ ፍሬን ቀሚሱን አንስተው ገለበጡና ስፌቱን ከውስጥ አዩ።

«ይኼን ጠርዝ በእጅሽ ነው የዘመዘምሽው?»

«በእጄ።»

«ዓይንሽን ልታጠፊ ነው እንዴ? ነገ መጥተሽ ለብድሩ ፈርሚ።»

«ሱሪዬስ?» አለ ሹፌሩ።

«ዚፑ ይቀረዋል፤ ቁጭ በልና ጠብቅ!» አሉት እማማ ፍሬን ሱሪውን ከክምሩ መዘው፣ ሱቁ የእሳቸው ይመስል። ዳንቴሉን ከመኪናዋ ላይ ገፈው አማትየዋን አስታቀፏቸው።

«ይኼ ለሳሎን ነው።»

ሹፌሩ የውሰቱ ወንበር ላይ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋም «ተመስገን» ብላ መርገጫውን ረገጠችው።